ራስ ሲያም እጅ ለምን ያሳርፋል?

በካፋ ዞን፣ በቡና ምድሯ ሺሺንዳ፣ የለመደው ቡና የቀረበት ሰው ራሱን ሲፈልጠው ግንባሩን በመዳፉ ይደግፋል፤ አለዚያም በሻሽ ሸብ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1922 ጃፓናዊው ሚካኦ ኡሱይ የመሠረተው ሬኪም እጅን በዓይን፣ በጆሮ ግንድና በማጅራት ላይ ለደቂቃዎች ማሳረፍን ያስተምራል። ተከታዮቹ «የሕይወት ኃይል» ከእጅ ወደ ሕመምተኛው ይፈስሳል ይላሉ። እውነት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመውን የአሜሪካዊቷን ታዳጊ የኤሚሊ ሮዛን ሙከራ እንመልከት። ተመሳሳይ ኃይል በእጃችን ይሰማናል የሚሉ 21 ሰዎች እጆቻቸውን በመከለያ ቀዳዳ አሳልፈው፣ የእርሷ እጅ ከቀኛቸው ወይስ ከግራቸው በላይ እንዳለ ተጠየቁ። በትክክል የተመለሰው 44 በመቶ ብቻ ነበር፤ እንዲያው በግምት ቢመለስ እንኳ 50 በመቶ ያህል ይጠበቃል።

ታዲያ ማሳረፉ ከየት መጣ? ሜልዛክና ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ በወፍራም የነርቭ ክሮች የሚመጣው የንክኪ መልእክት በቀጫጭኖቹ የሚተላለፈውን የሕመም መልእክት ያዳክማል። ዕረፍቱና «ይሻለኛል» የሚለው ተስፋም ያግዛሉ።

እንግዲህ እጅ የሕመሙን ስሜት ቢያቀልም መንሥኤውን አያስወግድም። ካፌይን ሲቋረጥ የሚሰፉትን የአንጎል ደም ሥሮች አያጠብብም። በተለይ ከራስ ምታቱ ጋር ትኩሳት ካለ ወባ፣ አንገት ከተገተረ ደግሞ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና፣ ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።