የጆንያው ጥፋት

አዲሱን ሚሌኒየም ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም. ጃፓን የገባ የኢትዮጵያ ቡና ተመርምሮ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ተገኘበት። ጃፓን ከቡናችን ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት፤ ግዢው ወዲያው ተቀዛቀዘ፤ ላኪዎችም ተደናገጡ። የጃፓን ሕግ ከሁለት ዓመት በፊት ነበር የጠበቀው። የራሱ ወሰን ላልወጣለት ማንኛውም ኬሚካል በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ የሚፈቀደው 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። 60 ኪሎ በሚይዝ አንድ የቡና ጆንያ ሲሰላ 0.6 ሚሊ ግራም ይሆናል። ጥቂት የጨው ቅንጣት ማለት ነው።

ነገሩን እንቆቅልሽ ያደረገው የቡናው አመራረት ነበር። ለምሳሌ ነቀምትን፣ የአገሩ ሰው ባኬ ጃማ የሚላትን ከተማ፣ አልፎ ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ የወረደ ሰው ቡናው በጓሮና በዛፍ ጥላ ሥር ሲበቅል ያያል። አብዛኛው ገበሬ መርጫ በጀርባው አዝሎ ቡናው ውስጥ አይገባም፤ ቢፈልግም የኬሚካሉ ዋጋ አይቀመስም።  ቡናው ከምሥራቅ፣ ከምዕራብና ከቄለም ወለጋ እየተሰበሰበ ለቀምት በሚል ስም ይሸጣል፤ የጃፓን ቡና ቆይዎችም ሞካ ለከምቲ እያሉ ለደንበኞቻቸው ያቀርቡታል። ታዲያ ማንም ያልረጨው ኬሚካል ከየት መጣ?

እንዲህ ያለ ጊዜ ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ገበሬው ላይ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ ባለ መጋዘኑ በተራ ይጠየቃሉ። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ይላል፤ ሁሉም እውነቱን ሊሆን ይችላል።

እንቆቅልሹን ለመፍታት የሚያስፈልገው ጥያቄ የተጠየቀው ቡና በማይበቅልበት ቦታ፣ ቺካጎ አጠገብ ሆውቶርን በሚባል የስልክ ዕቃ ፋብሪካ ነው። የዌስተርን ኤሌክትሪክ ንብረት ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት። ከዚያ የሚወጣው ዕቃ መሬት ውስጥ ስለሚቀበር ሲበላሽ ቆፍሮ ማውጣት ግድ ይላል። አለቆቹ ጥራት ለማምጣት ሌት ተቀን ይደክማሉ፤ ዛሬ ብልሽት ሲበዛ ማሽኑን ወደ ግራ፣ ነገ ሲቀንስ ወደ ቀኝ ያዞራሉ። ችግሩ አስተካክል ባሉ ቁጥር ዕቃው የባሰ መለያየቱ ነው።

ዋልተር ሹዋርት የተባለ የፊዚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1924 ሜይ 16 ቀን ለአለቃው አንዲት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ከገጿ ሲሶውን የያዘው ሥዕል ነበር፤ መሐሉ ላይ አንድ መስመር፣ ከላይና ከታች አንዳንድ ወሰን፣ በመካከላቸው በየጊዜው የተለካው ቁጥር በነጥብ በነጥብ። የቁጥጥር ሰንጠረዥ የምንለው ነገር የተወለደው በዚህች ወረቀት ነው። በ1931 ደግሞ ሐሳቡን በመጽሐፍ አስፍቶ አወጣው።

የሹዋርት ግኝት ሥዕሉ ራሱ ሳይሆን ከሥዕሉ ጀርባ ያለው ክፍፍል ነው። ምንም ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይሠራም፤ የመለያየቱ ምክንያት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአሠራሩ ጋር አብሮ የሚኖር ነው፤ ብዙ ጥቃቅን ምክንያቶች ተደምረው የሚፈጥሩት፣ ሁልጊዜ ያለ፣ አንድ ባለቤት የሌለው። ሁለተኛው ከውጭ የገባ ነው፤ ስም ያለው፣ ቢፈለግ የሚገኝ፣ ሲገኝም የሚወገድ። የኋላ ሰዎች የመጀመሪያውን የወል ምክንያት፣ ሁለተኛውን ልዩ ምክንያት ብለዋቸዋል። ወሰኖቹ የሚሰመሩት ከአማካዩ ወደ ላይና ወደ ታች በሦስት መደበኛ ልይይት ርቀት ነው። ነጥቡ በወሰኖቹ መካከል ከሆነ ማንንም አትጠይቅ፤ ካለፈ ግን ሥራህን አቁመህ ፈልግ።

ወደ ቡናው እንመለስ። ኬሚካሉ የገበሬው አሠራር አካል ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም የወል ምክንያት ቢሆን፣ በየዓመቱና በየጭነቱ ጥቂት ጥቂት መታየት ነበረበት። ለዘመናት ያልነበረ ነገር ድንገት ብቅ ሲል ግን የሚያመለክተው ከውጭ የገባን ነገር ነው። መፈለግ ያለበትም አዲስ የተጨመረው ነገር ነው፦ መጋዘኑ፣ መኪናው፣ ዕቃው። የኋላ ኋላ ጥፋቱ የተገኘው ቡናው የታሸገበት ጆንያ ላይ ነው። በኬሚካል የተበከለው ከረጢቱ ነበር፤ ገበሬው እጁ የለበትም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ ግን ሁሉም አህያውን ሲመታ ከረመ፤ ጥፋተኛው በዚህኛው ጊዜ ዳውላው ሆኖ ሳለ።

በዚያው በ2000 ዓ.ም. ሌሎች ሁለት ነገሮችም ሆኑ። በሚያዝያ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ቡና የገባበት በቀጣዩ ዓመት ነው። በሐምሌ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ የልማት ምክክር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከጃፓን ምሁራን ጋር ተገናኙ። መለስ ጃፓኖች በቱኒዚያ ፋብሪካዎች ውስጥ ስላስተማሩት ካይዘን የተባለ የጥራት ማሻሻያ ዘዴ ካነበቡ በኋላ ለኢትዮጵያም እንዲደረግላት ጠየቁ። ጥያቄው በ30 ድርጅቶች ላይ ወደ ተደረገ ሙከራ አመራ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ይህ ዘዴ በመሠረቱ የሹዋርት ልጅ ነው። ኤድዋርድስ ዴሚንግ በወጣትነቱ ሆውቶርን ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፤ ከሹዋርትም ብዙ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ለኢንጂነሮችና ለሥራ መሪዎች ስለ ልይይት አስተማረ፤ በዓመቱ ጃፓኖች በስሙ ሽልማት አቆሙ። ወደ እኛ ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ ግድግዳ ላይ ቀርቷል። ካይዘን ሲባል ሰው የሚመጣለት አምስቱ «ማ» ናቸው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ወለሉ ላይ ቢጫ ቀለም ይሰመራል፣ መዶሻው ስም ይጻፍበታል። መጥፎ አይደለም፤ ግን መጥረጊያውን ወስዶ ሰንጠረዡን መተው፣ በእኔ አስተያየት፣ ቀላሉን መርጦ ዋናውን መተው ነው።

ሰንጠረዡ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ነቀምት ዙሪያ ያለ አንድ የደረቅ ቡና አዘጋጅ ጀንፈሉን ቀሽሮ ለመሸጥ ተዘጋጀ እንበል። በየቀኑ እኩል ክብደት ያለው ናሙና ወስዶ ጥቁር፣ የተሰበረና በነቀዝ የተበላ ፍሬ እየለቀመ ይቆጥራል። ከአንድ ወር በኋላ አማካዩ 9 ሆነ። ለእንዲህ ያለ የእንከን ቆጠራ የልይይቱ መጠን የአማካዩ ካሬ ሥር ነው፤ የ9 ካሬ ሥር 3፣ የ3 ሦስት እጥፍ 9። ስለዚህ የታችኛው ወሰን 0፣ የላይኛው 18 ነው። ካልኩሌተር አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

አንድ ማክሰኞ 15 እንከን ተቆጠረ። ልማዱ ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች ሰብስቦ መቆጣት ነው። ረቡዕ ቁጥሩ ወደ 8 ወረደ፤ ባለቤቱም «አየህ፣ ቁጣ ይሠራል» አለ። ቁጣው ግን ምንም አልሠራም። 15 ከ18 በታች ነው፤ ያለ ማንም ጥፋት የሚመጣ ቁጥር ነው፤ ከፍ ያለ ቁጥር ደግሞ በማግሥቱ ወደ አማካዩ ቢወርድ አይገርምም። በተቃራኒው ሐሙስ 4 ሲቆጠር ያመሰገነ ሰው ዓርብ ሲጨምር ያያልና ምስጋና ሰው ያባልጋል ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ስንት አለቃ ክፉ ሆኖ እንደቀረ እግዜር ይወቀው። ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ በራሱ ግምት ከችግሮች 94 በመቶው የአሠራሩ፣ ማለትም የአለቃው ድርሻ፣ 6 በመቶው ብቻ የልዩ ምክንያት ነው ብሏል። ከ9 መውረድ የፈለገ ባለቤት ለቃሚዎቹን ትቶ የማድረቂያ አልጋውን፣ የአደራረቁን ጊዜ፣ የሚገዛውን ቡና መለወጥ አለበት።

በመካከል አንድ ሌላ ጥርጣሬ አለ፤ መለኪያው ራሱ ልክ ነው ወይ? የቡና ደረጃ ከ100 ነጥብ 40ው ከጥሬው፣ 60ው ከስኒው ይሰጣል። ስልሳው ነጥብ ያለው ቀማሹ ምላስ ላይ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። የሚጠረጠረው ግን በጥበብ ነው። ሦስት ስኒ ይቀርባል፤ ሁለቱ ከአንድ ቡና፣ አንዱ ከሌላ፤ ቀማሹ የተለየውን ይጠቁም። በግምት የሚያገኘው ከሦስት አንድ ጊዜ ነው። አምስት ጊዜ በተከታታይ ካገኘ ግን በግምት የመሆን ዕድሉ ከ243 አንድ ነው፤ ያኔ ምላሱን ማመን ይቻላል። የዚህ አስተሳሰብ አባት እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው መጽሐፉ የጻፈው ስለ ሻይ ነበር። አንዲት ሴት ወተቱ ቀድሞ መቀዳቱንና ሻዩ ቀድሞ መቀዳቱን በጣዕም እለያለሁ አለች፤ ስምንት ስኒ፣ አራት ከዚህ አራት ከዚያ፣ ተቀላቅሎ ይቅረብላት፤ ሁሉንም በግምት የመለየት ዕድሏ ከ70 አንድ ነው። የጊምቢን ቡና ከሲዳማ በመዓዛው እለያለሁ ለሚል ሁሉ ይህን ፈተና እመክራለሁ።

አሁን የጆንያው ታሪክ ያላለቀበት ቦታ ላይ ደረስን። ልዩ ምክንያትን ሰንጠረዡ ይጠቁማል እንጂ ስሙን አይነግርም። ስሙን ለማግኘት ቁጥሩን በምንጩ መክፈል ያስፈልጋል፦ በአቅራቢ፣ በአልጋ፣ በቀን፣ በጆንያ። ሰባቱ የጥራት መሣሪያዎች ከሚባሉት መካከል መነጣጠል የሚባለው ይኸው ነው፤ ከሌሎቹ ያነሰ ዝና አለው፤ ለእኔ ግን ይበልጥብኛል። የምርት ገበያው የመጀመሪያ አሠራር ደግሞ ይህን ነበር የዘጋው። ቡናው መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰድለታል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ከአምሳያው ጋር ይቀላቀላል፤ ገዢው የሚገዛው ደረጃውንና አካባቢውን እንጂ የእነ እገሌን ቡና አልነበረም። ለዋጋ መረጃና ለክፍያ ዋስትና ጥሩ ነበር። ጥፋት ለመፈለግ ግን ዓይን ማሰር ነው፤ ስሙ የጠፋ ጆንያ አንዴ ከተቀላቀለ ማን ይመሰክርበታል? የውጭ ገዢዎች ስለዚሁ ለዓመታት አጉረመረሙ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 ቡናው ከምንጩ ሳይለይ እስከ ገዢው የሚደርስበትን መንገድ ከፈተ።

መንገዱ ከተከፈተ ዘንድ የነቀምቱ አዘጋጅ በደብተሩ ላይ ከእንከኑ ቁጥር ጎን የአቅራቢውን ስምና የአልጋውን ቁጥር መጻፍ ይበቃዋል። ከዚያ አንድ ሌላ ምልክትም ያያል፤ አንድም ነጥብ 18ን ሳያልፍ ስምንት ነጥብ በተከታታይ ከ9 በላይ ቢውል። አሠራሩ ሳይለወጥ ስምንት ነጥብ በተከታታይ ከአማካዩ በአንዱ ወገን፣ ከላይ ወይም ከታች፣ የመዋል ዕድሉ ከ128 አንድ ገደማ ነው። እንዲህ ከሆነ መጠየቅ ያለበት ስምንቱ ቀናት የጀመሩት መቼ እንደሆነ ነው። ያለ ወቅቱ ዝናብ በጣለ ሰሞን ከሆነ አልጋው የሚሸፈንበትን ሸራ ይመርምር፤ አዲሱ መቀሸሪያ በተተከለ ማግሥት ከሆነ ደግሞ ማሽኑን ከፍቶ ይይ።