ከመቶ 97 ያገኘው ጨዋታና የልጅ ልጄ የደብተር ቦርሳ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ጎረቤቴ መንገድ ላይ አስቆመችኝና “ሲስተር፣ ልጁ ለምንድን ነው በወንዙ በኩል ዞሮ ትምህርት ቤት የሚሄደው?” አለችኝ። የልጅ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ 7ኛ ክፍል ነው። እናቱ ለሥራ ዓረብ አገር ስለሆነች እዚህ ሰቆጣ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በዋናው መንገድ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በወንዙ በኩል ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ማታ ስጠይቀው አቀረቀረ። ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ዋናው መንገድ ላይ ጌም ቤት አለ። እዚያ 340 ብር ዕዳ አለበት። የደብተር ቦርሳውም በመያዣነት ቀርቷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብተሮቹን በፌስታል ይዞ ሲሄድ፣ “ዚፑ ተበላሽቶ ሰፊ ጋ ነው” ያለኝን አምኜ ነበር። የወፍጮ ብሬ የት እንደገባም ያን ማታ ነው የገባኝ።

ስቆጣው የሰጠኝ መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያመጣው። “እምዬ፣ መጥፎ ጨዋታ እኮ አይደለም፤ ጂቲኤ ነው፤ ከመቶ 97 ነው ያገኘው” አለኝና እናቱ በላከችለት ስልክ አሳየኝ። እውነቱን ነው። አረንጓዴ ሳጥን ውስጥ 97 ተጽፏል። እሱ በሒሳብ 41 ባመጣበት ሰሞን 97 የሚል ቁጥር ሲያሳየኝ ለጊዜው መልስ አጣሁ።

አረንጓዴው ቀለም ግን ወደ ድሮ ሥራዬ መለሰኝ። በዋግ ኽምራ የሠራ የጤና ባለሙያ ሁሉ የክንድ ዙሪያ መለኪያዋን ባለሦስት ቀለም ጥብጣብ ያውቃታል። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የገባው ቃል በከተማችን ስም “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ችግሩን እዚህ አይተነዋል። ጥብጣቧ ብዙ ሕፃን አትርፋለች። ሆኖም የምትለካው ክንድ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ እህል ስለ መኖሩ፣ ስለ ተቅማጥ፣ እናትዮዋ ስለ መታመሟ አትናገርም። ያንን ጠይቀን ነበር የምናውቀው። ስለዚህ ይህ 97 ምን ተለክቶበት የወጣ ነው ብዬ ተነሳሁ። መነጽሬን አድርጌ ብዙ ማታ አነበብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜታክሪቲክ የሚባል እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ የአሜሪካ ድረ ገጽ አለ። ጌም እየተጫወቱ የሚተቹ ጋዜጠኞች የሰጡትን ውጤት ይሰበስብና ወደ መቶ ቀይሮ አማካዩን ያወጣል። ለሁሉም ተቺ እኩል ክብደት አይሰጥም፤ ለማን ስንት እንደሚሰጥም አይገልጽም። ለጌም ከ75 በላይ አረንጓዴ፣ ከ50 በታች ቀይ ነው። ለፊልም ግን 61 አረንጓዴ ለመሆን ይበቃል። ተቺዎች ለጌም እጃቸው ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው። ጃፓኖች ደግሞ “ፋሚትሱ” በሚባል መጽሔታቸው አራት ተቺ ያስቀምጣሉ፤ እያንዳንዱ ከ10 ይሰጥና ከ40 ይደመራል።

ተቺዎቹ የሚያዩት ሥዕሉ ማማሩን፣ እንቅስቃሴው አለመንቀፍቀፉን፣ ታሪኩ መያዙን፣ ጨዋታው አለመሰልቸቱን ነው። የሚጫወቱትም ለአዋቂ ገዢ ብለው ነው። ከውጤቱ ጀርባ ገንዘብ አለ። “ፎልአውት ኒው ቬጋስ” የተባለው የ2010 ጨዋታ 85 ቢያገኝ ለሠሪዎቹ ጉርሻ ሊከፈል ነበር፤ 84 አገኘና ቀረ። በአንዲት ነጥብ! የተራው ተጫዋች ኮከብና ነጥብም ከዚህ የተሻለ አይደለም። “ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2” በሰኔ 2020 ሲወጣ ተቺዎች 93 ሰጡት፤ የተቆጡ ሰዎች ግን በሰዓታት ውስጥ፣ ጨዋታውን ጨርሰው ሊያዩት በማይችሉበት ጊዜ፣ ዜሮ እየሰጡ ነጥቡን አወረዱት። ድረ ገጹ ከዚያ በኋላ ነው ለተራው ሰው አስተያየት የ36 ሰዓት መጠበቂያ ያደረገው።

“ግራንድ ቴፍት አውቶ 5” በ2013 የወጣ ነው። በጥበብ የተሠራ ነው ሲሉ አምናቸዋለሁ፤ ሰፊ ከተማ ነው፣ መኪናው፣ ባሕሩ፣ የሰው ንግግር ሁሉ አለበት። ሥራው ግን መዝረፍና መግደል ነው። ተጫዋቹ ራሱ ሰው የሚያሰቃይበት ትዕይንትም አለው። እዚያው 97 ያገኘ ጨዋታ ሽፋኑ ላይ 18 የሚል ቁጥር አለበት። 18 ደግሞ የጥራት ሳይሆን የዕድሜ ነው። ፔጊ የሚባለው የአውሮፓ ሥርዓት ከ2003 ጀምሮ ጨዋታዎችን 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 እያለ ይለያል። አሜሪካኖቹ የጀመሩት በ1994 ነው፤ “ሞርታል ኮምባት” የተባለው ደም የሚረጭበት የድብድብ ጨዋታ ወላጆችን አስቆጥቶ ነገሩ ሴኔት ከደረሰ በኋላ። በፊደል ነው የሚለዩት፤ “ኤም” ከ17 ዓመት በላይ ማለት ነው። የልጅ ልጄ ያየው 97ን ነው፤ 18ን የሚያሳየው ሰው አላጋጠመውም።

በነጋታው ቦርሳውን ለማምጣት ጌም ቤቱ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ የሚያፍን ሙቀት። ባለቤቱን ወጣት አውቀዋለሁ፤ ሕፃን ሳለ የከተብኩት እኔ ነኝ። “ሲስተር፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ” አለኝ እያፈረ። ሽፋኑን አሳየኝ አልኩት። ሽፋን የለም። ጨዋታው ከሰው ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ የመጣ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለእናት ተብሎ የታተመው ቁጥር ሰቆጣ አልደረሰም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ። “ዕዳው እኮ ከጂቲኤ አይደለም፤ ከኳሱ ነው። ተሸናፊ ከፋይ ነው እኛ ጋ።”

ኳሱ በፊት ፊፋ ይባል የነበረው፣ ከ2023 ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የሆነው ነው። ፔጊ የሰጠው 3 ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ቢያየው አይጎዳውም ማለት ነው። ደም የለ፣ ስድብ የለ። ተቺዎች ደግሞ በቅርብ ዓመታት ብዙ ጊዜ በሰባዎቹ ውስጥ ነው የሚሰጡት፤ ያው የአምናው ነው እያሉ። በሁለቱም ቁጥር የማያሰጋ ጨዋታ ነው። ሁለት ልጆች ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈው የሁለቱንም ሒሳብ ይከፍላል። የእኔ ልጅ የሚጋጠመው ከ18 እና ከ19 ዓመት ጎረምሶች ጋር ነበር። ይሸነፋል፤ ብድሩን ልመልስ ብሎ ይደግማል፤ ደግሞ ይሸነፋል፤ ባለቤቱ ይጽፍበታል። ይህ ቁማር ካልሆነ ምን እንደሚባል አላውቅም። (ከራሱ ከጨዋታው ውስጥም የዕድል ነገር አለ፤ ምን ተጫዋች እንደሚወጣ ሳይታወቅ በብር የሚገዛ ጥቅል ይሸጣል። ቤልጂየም እንዲህ ያለውን በ2018 ቁማር ነው ስላለች፣ ድርጅቱ እዚያ አገር የመግዣ ነጥብ መሸጡን በ2019 መጀመሪያ አቁሟል።)

ከወጣቱ ጋር ብዙ አልተጣላንም። ግማሹን ዕዳ እኔ ከፈልኩ። ግማሹን ልጁ ከዶሮዎቹ እንቁላል እየሸጠ ከፈለ፤ እስከ ጥር ፈጀበት። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቢሸነፍም የሚከፍለው የራሱን ብቻ እንዲሆን ተስማማንና ወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። ወረቀቱ እስካሁን አለ፤ ሁልጊዜ ይከበራል ብዬ ግን አልምልም።

ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ “ሱሰኛ ሆኗል” አሉ። በዚህ ቃል አትቸኩሉ እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ የጌም ሕመምን አስገብቷል። መለኪያው ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ ልጁ ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ሁሉ ሲያስቀድመው፣ እየተጎዳም ሲቀጥል፣ ይህም በአብዛኛው 12 ወር ሲዘልቅ ነው። የእኔ ልጅ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሜዳ ወጥቶ ይጫወታል። የነበረበት ዕዳና ፍርሃት ነው። እንቅልፍና ምግብ የተወ፣ ከሰው የራቀ ልጅ ያላችሁ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በዱላ የሚድን አይደለም።

ውጭ አገር ለወላጅ ብለው ጨዋታ የሚገመግሙ አሉ፤ ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካው ኮመን ሴንስ ሚዲያ ስንት ዓመት ለሞላው እንደሚሆንና ምን እንዳለበት ለይቶ ይጽፋል። በአማርኛ እንዲህ ያለ አላገኘሁም፤ በኽምጣንጋማ ማን ያስበዋል። ስለዚህ እኔና ልጁ የራሳችንን ጀመርን። እንደ ሕፃናት የክትትል ካርድ አንድ ደብተር አሰመርን። የተጫወተውን ይጽፋል፤ እሱ ከ10 ይሰጣል፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አይቼ እሰጣለሁ። መሐል ላይ ጥሪ ቢመጣ ያለ ለቅሶ ይቆማል ወይ? ብር ይጠይቃል? ከማን ጋር ነው? ከተሸነፈ በኋላ ፊቱ ምን ይመስላል? እኔ የማየው ይህንን ነው። እሱ ግራፊክሱን ያያል።

“ማይንክራፍት” ላይ ተከራክረናል። በኩብ ድንጋይ ቤት የሚሠራበት ጨዋታ ነው፤ ተቺዎች 93 ሰጥተውታል፣ ፔጊ 7 ብሎታል። ልጁ የኛን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን እሠራለሁ ብሎ በስልኩ ላይ ገደል ሲፈለፍል ሰነበተ፤ በሩ አካባቢ እንዲያውም መስሏል። 10 ሰጠው። እኔ 6 ሰጠሁት፤ ማለቂያ ስለሌለው ራት ቀርቦ “ትንሽ ቆይ” ያበዛል። የአዲስ አበባዎቹ ቅኔ ጌምስ የሠሩት “ኩኩሉ” ላይ ግን ተስማማን፤ የምታመልጥ ዶሮ ናት፣ ብትያዝም እንደገና ይጀመራል፣ ሁለታችንም 8 አልን። ኳሱ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ቤት ከአክስቱ ልጅ ጋር ሲጫወተው 9፣ ጌም ቤት በተሸናፊ ከፋይ ሲጫወተው 2። ሁለቱም ያው ጨዋታ ነው። ሁለቱን ውጤት የሰጠው ራሱ ነው፤ እኔ አልነካሁትም።

በጦርነቱ መብራትና ስልክ ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ከእኔ ገበጣ ተምሮ ነበር። አሁን መብራት ሲጠፋ እንጫወታለን። ሰሞኑን ደብተሩን ስገልጥ ገበጣም ተመዝግቦ አገኘሁት፤ ግራፊክስ 2፣ ድምፅ 0፣ ተጋጣሚ “ታጭበረብራለች”፣ ጠቅላላ ውጤት 5 ይላል። አላጭበረበርኩም፤ በተከታታይ አራት ጊዜ ስለተሸነፈ ነው። ውጤቱ እንዲታረም በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።