በፎቅ ቤት ላይ ልጆቹን ስለሚያሳድግ ጭልፊት

በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳርቻ፣ የካ አባዶ በሚባለው ሰፈር፣ አስቀድሞ እርሻና የከብት መሰማሪያ በነበረው ምድር ላይ ዛሬ ብዙ የኮንዶሚኒየም ፎቆች ቆመውበታል። ይህ ለውጥ የሰውን ኑሮ ብቻ የለወጠ አይምሰለን። ሰው ቤት በሠራበት ርግብ ይከተላል፤ ርግብ ባለበትም አዳኙ ይከተላል። ሰው ፎቁን ቤት ይለዋል፤ ጭልፊት ግን ገደል አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ በዓለም ባሉ በብዙ ታላላቅ ከተሞች ጭልፊት በፎቅና በድልድይ ላይ ዕንቁላል ጥሎ ልጆቹን ያሳድጋል። ይህን ነገር መምህራንና ሽማግሎች ቢያውቁት ለልጆች ትልቅ ትምህርት ይሆናል።

በመጀመሪያ ወፉን ከሌላው መለየት ያስፈልጋል። በየሰፈሩ የምናየው፣ ጅራቱ እንደ መንታ የተከፈለ፣ ክንፉን ዘርግቶ ቀስ ብሎ የሚዞር፣ የሥጋ ቍራጭና የዶሮ ጫጩት የሚነጥቅ ወፍ አለ፤ እርሱን በዚህ ጽሑፍ ጭላት እንለዋለን። በአንዳንድ አገር ስሙ ይለዋወጣልና መልኩን ማስተዋል ይበልጣል። ጭልፊት የምንለው ግን ክንፉ እንደ ማጭድ የሾለ፣ ሲበር ቶሎ ቶሎ የሚያርገበግብ፣ በጕንጩ ላይ እንደ ጢም ያለ ጥቍር ምልክት ያለበት ነው። ከወገኖቹም አንዱ በፈረንጆች ቋንቋ ፔሬግሪን የተባለው ነው፤ ትርጓሜውም መንገደኛ ማለት ነው። ይህ ወፍ በአገራችን ገደል የሚኖር ወገን አለው፤ ደግሞም በፈረንጆች ክረምት ከሰሜን አገር ብርዱን ሸሽቶ ወደ እኛ የሚመጣ ሌላ ወገን አለው። የቅርብ ዘመዱ አናቱ ቀላ ያለው ላነር የተባለው ጭልፊት ሲሆን እርሱም በደጋው አገራችን ይገኛል።

ፔሬግሪን ምግቡ አብዛኛውን ጊዜ በአየር የሚበር ወፍ ነው። ከላይ ሆኖ ርግቡን ባየ ጊዜ ክንፉን ሰብስቦ ይወረወራል፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ በጓሮ ለጠፋችው ጫጩት ሁሉ እርሱን መክሰስ ፍርድ ማጓደል ነው።

ፔሬግሪን እንደ ሌሎች ወፎች እንጨት ለቅሞ ጎጆ አይሠራም፤ በገደል መደርደሪያ ላይ ያለውን አፈርና ጠጠር በደረቱና በእግሩ ጎድጎድ አድርጎ በዚያ ዕንቁላል ይጥላል። ሴቲቱ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዕንቁላል ትጥላለች፤ መልኩም ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። በአካል ከወንዱ የምትበልጠው እርስዋ ናት። የመታቀፉን ሥራ አብዛኛውን እርስዋ ትሠራለች፤ ወንዱም በየጊዜው ይተካታል። ዕንቁላሉ ከ30 ቀን ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ነጭ ላባ ለብሰው አቅም አጥተው ሳሉ እናቲቱ ከብርድና ከፀሐይ ትጋርዳቸዋለች፤ አባታቸው ደግሞ አድኖ ያመጣል። ብዙ ጊዜም ያደነውን በአየር ላይ ይሰጣታል፤ እርስዋም ላባውን ነጭታ ሥጋውን በጥቂት በጥቂቱ እየቈረሰች ታጐርሳቸዋለች። ከ40 ቀን ያህል በኋላ ልጆቹ መብረር ይጀምራሉ፤ ሆኖም አደን እስኪለምዱ ድረስ ወላጆቻቸው ለብዙ ሳምንታት ይመግቧቸዋል።

ይህ በከተማ መካከል እንዴት እንደሚሆን አንድ ምሳሌ እንስጥ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። በካናዳ አገር፣ በሞንትሪያል ከተማ፣ ሰን ላይፍ በተባለው ኩባንያ ረጅም ሕንጻ ላይ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ጭልፊቶች ታዩ። የሕንጻው ድንጋይ ልሙጥ ስለ ሆነ ዕንቁላል የሚያርፍበት አልነበረም፤ ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ጠጠር የተሞላ ሣጥን አኖሩላቸው። ጭልፊቶቹም እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ልጆች አሳደጉ። ሕንጻው ገደል ሆነላቸው፤ የጐደለው ጥቂት ጠጠር ብቻ ነበረ።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ መከራ ተነሣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የተባለው የተባይ መግደያ በአውሮጳና በአሜሪካ እርሻ ላይ በብዛት ተረጨ። መርዙ በትሉና በእህሉ ላይ ቀረ፤ ትሉንና እህሉን ትንንሽ ወፎች በሉ፤ ብዙ ወፎችን ደግሞ ጭልፊት በላ። መርዙም በጭልፊቱ ስብ ውስጥ ተከማቸና የዕንቁላሉን ቅርፊት አሳሳው፤ እናቲቱ ልትታቀፈው ስትቀመጥ ይሰበርባት ጀመረ። በ1964 ዓ.ም. ሊቃውንት በአሜሪካ ምሥራቅ ክፍል 133 የታወቁ የጭልፊት ማደሪያዎችን ዞረው ቢመለከቱ አንዱንም ወፍ ሰፍሮበት አላገኙትም። ምክንያቱን የገለጠው ዴሬክ ራትክሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ እርሱም ከድሮ ጀምሮ ተሰብስበው የተቀመጡትን ዕንቁላሎች ከአዲሶቹ ጋር አመዛዝኖ ቅርፊታቸው በክብደት አንድ አምስተኛ ያህል እንደ ቀነሰ በ1967 ዓ.ም. አስታወቀ። የድሮዎቹ ዕንቁላሎች ቀናቸው ተጽፎ ባይጠበቁ ኖሮ የበሽታው መነሻ እንዲህ ባልታወቀም ነበር።

በ1972 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዲዲቲን በእርሻ ላይ መርጨት ከለከለ። በ1970 ዓ.ም. የተቋቋመው የፔሬግሪን ማኅበርም ጫጩቶችን በእጅ እያሳደገ ወደ ዱር ለቀቀ። በ1983 ዓ.ም. ፔሬግሪን በኒውዮርክ ከተማ ድልድዮች ላይ እንደ ገና ልጅ አሳደገ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ስሙ ወጣ። በአገራችንም ዲዲቲ የወባን ትንኝ ለመግደል ለብዙ ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ተረጭቷል፤ የብዙ ሰው ነፍስም አድኗል። ስለዚህ መድኃኒት ሁሉ ይጥፋ አንልም፤ ለግድግዳ የተሰጠውን በእህልና በአትክልት ላይ ማፍሰስ ግን ጥፋት ነው። ወፉ የሚበላው ከምድራችን ነው፤ እኛም የምንበላው ከዚያው ነው። ጭልፊት በሰላም ልጅ ካሳደገ የምድራችን ጤንነት አንድ ምስክር አገኘ ማለት ነው።

እንግዲህ በየካ አባዶም ሆነ በሌላ ሰፈር፣ በፎቅም ሆነ በገደል፣ ጥንድ ጭልፊት በአንድ ስፍራ ሲመላለሱ የታዩ እንደ ሆነ መምህሩ ልጆቹን ከሩቅ ቆመው እንዲመለከቱ ያስተምራቸው። ወደ ማደሪያቸው መውጣት አይገባም፤ ወላጆቹ ደንግጠው ከሸሹ ዕንቁላሉ ይበርዳል፤ ጫጩቶቹም ያለ ጊዜያቸው ዘለው ይወድቃሉ። ልጆቹ በአንድ ደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምግብ ያመጣው ወንዱ ወይም ሴቲቱ መሆኑን፣ የተያዘውም ወፍ ምን እንደ ሆነ ይጻፉ። ሽማግሎችም በልጅነታቸው በዚያ አገር የትኞቹ አሞሮች እንደ ነበሩ፣ የትኞቹም እንደ ጠፉ ይንገሯቸው፤ ይህም በዚያው ደብተር ይመዝገብ።

ልጅ ወፍ ባየ ጊዜ እጁ ወደ ድንጋይ ይሮጣል። በድንጋዩ ፈንታ እርሳስ ብናስይዘው ግን ወፉም ይተርፋል፤ ልጁም ተመልካች ይሆናል።