የሰፈራችን ዛፎች በፎቶግራፍ ዓይን

ከሩቅ አገር የመጣ ሥዕል ሲያይ ዕፁብ ድንቅ የሚል ብዙ ሰው፣ ጧት ማታ በጥላው ሥር የሚያልፍበትን ዋርካ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ሳይመለከተው ዘመኑን ይፈጽማል፤ ዓይን የለመደውን ይንቃልና። የፎቶግራፍ ማንሻ፣ በየኪሱ ያለው ስልክም ቢሆን፣ ባለቤቱ ቆም ብሎ ለማስተዋል ከፈቀደ ለዚህ ደዌ መድኃኒት ይሆናል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣው የፕራጉ ፎቶ አንሺ ዮሴፍ ሱዴክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1954 የገዛ ሥራ ቤቱን መስኮትና ከመስኮቱ ማዶ በግቢው የቆመውን ጠማማ ዛፍ በየወራቱ እየደጋገመ በማንሣቱ፣ ስሙ ከታላላቆቹ ጋራ ተቈጥሯል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪማ ምን ጎድሎበት! በዘመነ ምኒልክ የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ሳለ ክብ ብጤ፣ አመድማ ሰማያዊ ቅጠል ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያወጣል፤ ሲጎለምስ ግን ያው ዛፍ እንደ ማጭድ የቆለመመ ረጅም ቅጠል አንጠልጥሎ፣ ቅርፊቱን እየላጠ ይጥላል። ሾላ አበባውን በፍሬው ውስጥ ሰውሮ፣ ፍሬውን ከግንዱ ላይ ዘለላ ዘለላ አድርጎ ይሸከማል። ከአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው አሉ፤ ከየመንደሩም የአጥር ሽቦ ውጦ የወፈረ ግንድ አይታጣም።

ብርሃን ግን ሰዓት አለው። በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስትቆም ጥላው አጥሮ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ማለዳና ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ጨረሯ በአግድም ስለሚመጣ የቅርፊቱ ስንጥቅ ሁሉ ጎልቶ ይታያል። የክረምት ደመና ለቅጠሉና ለግንዱ ኅብር ይስማማል፤ በዘመነ ጽጌም አየሩ በዝናም ታጥቦ ስለሚቆይ የሩቁ ተራራ ሳይቀር ይጠራል። የዛፉን ቁመት ለማስረዳት ሰው ከጎኑ ማቆም ይበጃል፤ ሰውየውን አስፈቅዶ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም የደብሩን ሥርዓት ጠብቆ።

መንገድ ሲሰፋና ሕንፃ ሲቆም ዛፍ ይወድቃል፤ የሚቀረው ፎቶግራፉ ነው፤ ቀንና ስፍራ ካልተጻፈበት ግን ለተከታዩ ትውልድ ስም የለሽ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከደጅዎ አንድ ዛፍ ይምረጡ፤ ከአንድ ስፍራ ቆመው በየወሩ ያንሡት፤ ቀኑን፣ ሰፈሩንና የዛፉንም ስም ይጻፉበት።