የካላዛር በሽታና የአራዊት ደም ምርመራ

በካርቱም ከተማ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለው ጀሪፍ፥ በጡብ ምድጃዎቹ የታወቀና ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ሰዎች የኖሩበት ሰፈር ነው። ከእነዚህም አያሌዎቹ በመተማና በገዳሪፍ በኩል አልፈው የደረሱ ናቸው። ይህ መንገድ ግን ካላዛር የተባለው በሽታ በሚገኝበት ቆላ ውስጥ ያልፋል። በሽታው ብዙ ጊዜ ወራት ቆይቶ የሚገለጥ ስለ ሆነ፥ መንገደኛው በቆላ የተቀበለው ሕመም ከተማ ከገባ በኋላ ይነሣበታል። ትኩሳቱ ወባ ይመስላል፤ ካልታከመም ይገድላል።

የበሽታው ምክንያት ሌይሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። የሚያስተላልፈውም በግራር ጫካና በሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር የሚራባ የአሸዋ ዝንብ ነው። ሰው በማይኖርበት ጫካ የገቡ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው ስለ ታወቀ፥ ተሐዋሲው በአውሬ ውስጥ ይቀመጥ እንደ ሆነ ሊቃውንት መረመሩ። ሁግስትራልና ሄይነማን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት ሰፊ ጽሑፍ፥ በደቡብ በማላካል አውራጃ በአይጦችና በሌሎች የዱር እንስሳት ተሐዋሲው መገኘቱን ገለጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በምሥራቅ ሱዳን በዲንደር የአራዊት መጠበቂያ ምርመራ ያደረጉ ሊቃውንት፥ እባብ የሚገድለው ፋሮ የበሽታው ማደሪያ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ።

ነገር ግን ሁለት ዓይነት ምርመራ መኖሩን መለየት ይገባል። አንደኛው ተሐዋሲውን ራሱን የሚፈልግ ነው። ሁለተኛው የእንስሳው ሰውነት ለመከላከል ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ የሚፈልግ ነው። በዚህ በሁለተኛው ምርመራ፥ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት እንደ ተገለጠው፥ በትግራይ በውሾች ላይ ምልክቱ ታይቷል። ይህም ዝንቡ እንደ ነከሳቸው ያመለክታል እንጂ በሽታውን ለሰው ያስተላልፋሉ ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ የታመመው ሰው ራሱ፥ ከዳነ በኋላም ቆዳው ላይ ሽፍታ የወጣበት፥ ለዝንቡ የተሐዋሲ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በደም ምልክት ብቻ አስተዳዳሪ ውሾችን ለማስገደል፥ ነጋዴም ከብት ለመሸሽ ሊቸኩል አይገባውም። የሚጠቅመው ወደ ቆላ እርሻ ለሚላክ ሠራተኛ አጎበር መስጠትና፥ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሰው ፈጥኖ ማስመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙዎች በዚያው በመተማ መንገድ ተመልሰዋል። እንዲህ ያለውን ታማሚ የሚቀበል ሐኪምም አስቀድሞ በየት በኩል እንደ መጣ ሊጠይቀው ይገባል።