የገዛነው መጽሐፍ የማን ነው?

አንድ ተማሪ ከመጽሐፍ መደብር ገብቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ሲወጣ መጽሐፉ የእርሱ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ያው ተማሪ ያንኑ መጽሐፍ በስልኩ ሲገዛ ግን ምን እንደ ገዛ ቢጠየቅ መልሱ እንዲህ አይቀልለትም። ንባባችን፣ ሙዚቃችንና ፊልማችን ቀስ በቀስ ወደ ስልክ እየገቡ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከመሠረቱ መርምሮ ለጓደኞቻችን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ የቅጅ መብት የሚባለው ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ማተሚያ ባልነበረበት ዘመን መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ነበር። በአገራችንም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ወራት ይፈጅበት ስለ ነበር፣ መቅዳት ራሱ ድካም እንጂ የሌላውን ድካም መብያ አልነበረም። የማተሚያ መኪና ሲመጣ ግን አንዱ የለፋበትን ሌላው በጥቂት ቀን አባዝቶ ለመሸጥ ቻለ። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1710 በሥራ ላይ የዋለው የንግሥት አን ሕግ፣ ለአዲስ መጽሐፍ ደራሲ የ14 ዓመት የማሳተም መብት ሰጠው፤ ጊዜው ሲያልቅ ደራሲው በሕይወት ካለም ሌላ 14 ዓመት ይጨመርለታል። ከዚያ በኋላ ሥራው የሕዝብ ሀብት ይሆናል። የሕጉ አርእስት ራሱ ትምህርትን ለማበረታታት የወጣ መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ መብቱ ከጥንቱ እንደ ውል ነው፤ ሕዝብ ለደራሲው የተወሰነ ዘመን ይሰጠዋል፣ ደራሲውም ሥራውን ለዘለዓለም ለሕዝብ ይተዋል።

ሁለተኛው ነገር፣ ደራሲው በድርሰቱ ላይ ያለው መብትና ገዢው በእጁ በያዘው መጽሐፍ ላይ ያለው መብት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ይህም በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ተፈትኖ ነበር። አንድ አሳታሚ በመጽሐፉ ውስጥ «ከአንድ ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አትሞበት ሳለ፣ የሜሲ መደብር በ89 ሳንቲም ሸጠው። ፍርድ ቤቱም ለመደብሩ ፈረደ። አሳታሚው መጽሐፉን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ ያንን ቅጅ ገዢው በስንት እንደሚሸጠው ሊያዝበት አይችልም ማለት ነው። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ነጋዴዎች የሚኖሩት፣ እኛም አንዱን መጽሐፍ ለአምስት እየተዋዋስን የምናነበው፣ በዚህ ዓይነቱ አስተያየት ነው።

እንግዲህ አዲሱ መሣሪያ የለወጠው ምኑን ነው? የወረቀት መጽሐፍ ሲነበብ፣ ሲዋስና ሲሸጥ አዲስ ቅጅ አይፈጠርም፤ ስለዚህ ስለ መቅዳት የተጻፈው ሕግ ንባባችንን አይነካውም። በኮምፒዩተርና በስልክ ግን ጽሑፉ ከኩባንያው ማከማቻ ወደ እኛ መሣሪያ ሳይቀዳ ማንበብ አይቻልም። ማንበብ ራሱ መቅዳት ስለ ሆነ፣ የቅጅ መብትን የያዘው ድርጅት በንባቡም ላይ ጌታ ለመሆን ቻለ። ከዚህ የተነሣ ኩባንያው «ግዛ» ብሎ የሚያሳየን ነገር በውሉ ውስጥ ሲነበብ ሽያጭ ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ አይዋስም፣ አይወረስም፣ ሰጪውም ሊነሣው ይችላል።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 የአማዞን ኩባንያ፣ መብቱ በሌለው ሻጭ በኩል ለገበያ የቀረቡ የጆርጅ ኦርዌል ሁለት መጻሕፍትን ገንዘባቸውን ከፍለው ከገዙ ሰዎች ኪንድል ላይ በሩቁ አጠፋቸው። ከመጻሕፍቱ አንዱ «1984» የተባለው፣ መንግሥት የማይወደውን ጽሑፍ ሁሉ ስለሚያጠፋበት አገር የሚተርከው ነበር። ገንዘቡ ተመልሷል፤ የኩባንያው አለቃም ይቅርታ ጠይቋል። ነገር ግን ለትምህርቱ ሲያነብ ማስታወሻ ይዞበት የነበረ አንድ ተማሪ፣ ማስታወሻው መጽሐፉ ስለ ጠፋ ከንቱ ሆኖበት ክስ እስከ ማቅረብ ደርሷል። ነገሩ እየሰፋ ሄዶ የካሊፎርኒያ ግዛት ከእ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ አንሥቶ፣ ሻጮች ለገዢው የሚሰጡት ፈቃድ ብቻ ሲሆን ይህን በግልጽ እንዲያስታውቁ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቷል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ሀብት ነው።

መብቱ በወርዱ ብቻ ሳይሆን በርዝመቱም አድጓል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1790 በ14 ዓመት ጀምራ፣ ዲዝኒን የመሰሉ ኩባንያዎች በብርቱ በደገፉት በ1998ቱ ሕግ የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት፣ ለኩባንያ ሥራ ደግሞ ከታተመበት ጊዜ 95 ዓመት አድርጋዋለች። የሚኪ ማውስ የ1928 ፊልም ነጻ የወጣው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 ነው። የሞተ ደራሲ እንዲጽፍ ማበረታታት አይቻልምና፣ ይህ ሁሉ ዘመን ትምህርትን ለማበረታታት ነው ማለት ያስቸግራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ባህልን በአንድ እጅ መያዝ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ፣ ሸክላውን ውጭ አገር እያሳተመ የእነ ዓለማየሁ እሸቴን፣ በኋላም የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ለሕዝብ አቀረበ። ከብዙ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ እንደገና እየታተመ ዓለም የሚያደንቀው ሙዚቃችን፣ በከፊሉ የዚያ ድፍረት ፍሬ ነው። ብቸኛው መብት ተከብሮ ቢቀር ኖሮ ምን ያህሉ ሳይቀረጽ ይቀር እንደ ነበር አንባቢ ይገምት።

ከዚህ ሁሉ «እንግዲያስ ሕጉ ይቅር» የሚል ካለ ግን አሳባችንን አልተረዳም። የእኛ ደራሲና ዘፋኝ የሚጎዳው መብቱ ከልክ በመብዛቱ ሳይሆን በወረቀት ላይ በመቅረቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለደራሲው ዕድሜውንና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይሰጠዋል። ሆኖም ካሴቱ በየሱቁ ሲገለበጥ ኖሮ ዛሬ ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ በቴሌግራም ይበተናል። ተበድሮ ያሳተመውን የአገራችንን ደራሲ መጽሐፍ የሚበትን ሰው፣ የሩቁን ኩባንያ ሳይሆን የጎረቤቱን እንጀራ የሚቆርስ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከተማሪው የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሕጉ ለጥቅስ፣ ለማስተማርና ለቤተ መጻሕፍት የተዋቸውን ክፍት በሮች አውቆ መጠቀም፤ ለማይጠቀሙበት ሰዎች መብት እንደሌለ ይቆጠራልና። ሁለተኛ፣ ቤተ መጻሕፍታችን በየዓመቱ በሚታደስ ፈቃድ ብቻ እንዳይተማመን፣ በመደርደሪያው ላይ የሚቀር መጽሐፍም እንዲገዛ መጠየቅ፤ ክፍያው በተቋረጠ ቀን ከፈቃዱ የሚቀር ነገር የለምና። ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንንና ምርምራችንን ለማንም እንዲነበብ ክፍት ማድረግ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ተደንግጓል። ይህ እንዲፈጸም የኩባንያ ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ ጽሑፉ የእኛ ነውና ከራሳችን እንጀምር።