የኮንዶሚኒየም ሶሌታ

በአቃቂ ቃሊቲ፣ ገላንና ቱሉ ዲምቱ የተሰለፉት የ20/80 ኮንዶሚኒየሞች በመመሳሰላቸው ብዙ ይወቀሳሉ። ለእኔ ግን ይህ መመሳሰል የግንባታ ዘርፋችን ካገኛቸው ትልልቅ ትምህርቶች አንዱ ነው።

ቤቶቹ የተሠሩበት ዘዴ የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ከአዲስ አበባ አስተዳደር ጋር ከሠራው የዝቅተኛ ወጪ ቤት ይጀምራል። አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ ሳሉ ቦሌ ገርጂ ላይ ተሞከረና ወደ ሌሎች ሳይቶች ሰፋ።

ዋናው ነገር ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ወለል፣ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር አርማታ ከመሞላቱ በፊት የፎቁ ሥር ሙሉ በሙሉ በጣውላ ይሸፈናል፣ በባህር ዛፍም ይደገፋል። በዚህኛው ግን ከላዩ ፌሮ የወጣለት ቀጭን ፕሪካስት ቢም አስቀድሞ መሬት ላይ ይመረታል። ሲጠነክር ወደ ላይ ተነስቶ በእኩል ርቀት ይደረደራል፤ በየመሃሉ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ይገባል፤ ፌሮ ተዘርግቶም ስስ አርማታ ይፈስበታል። ድጋፉ አይቀርም፣ ጣውላው ግን በእጅጉ ይቀንሳል።

ቢሙን አንዱ ያመርታል፣ ብሎኬቱን ሌላው፣ የብረት በርና መስኮቱን ደግሞ ሌላ ማኅበር። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት እነዚህ ወጣቶች ሳይተዋወቁ አንድ ቤት መሥራት የቻሉት ልኩ ቀድሞ ስለተወሰነላቸው ነው። ብሎኬቱ ካጠረ ቢሙ ላይ አያርፍም፤ ከረዘመ አይገባም። ለግድግዳም ግንበኛው «ባለ ሃያ አምጣ» ካለ 40 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 20 ሴ.ሜ ከፍታና 20 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ይመጣለታል። ባለ 15 እና ባለ 10 የሚለዩት በውፍረት ብቻ ነው። ልክ ብቻውን ግን አይበቃም። ከማሽን ወጥቶ በቂ ውሃ ያልጠጣ ብሎኬት ልኩን ቢጠብቅም ጫፉ በጣት ይፈረፈራል፤ ስለዚህ የብሎኬት ደረጃ ጥንካሬንም ይጠይቃል።

ትብብሩ የጎደለው ከቢምና ከብሎኬት ምርቱ ውጭ ነው። ግንባታው አልቆ ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ የተጠበቀባቸው ሳይቶች ነበሩ። ሕንፃው ውስጥም ኤሌክትሪሻኑ ከግንበኛው ኋላ መጥቶ የቆመ ብሎኬት ይፈለፍላል፤ በዚህ ሲሚንቶም ጉልበትም ይባክናል።

አሁን እየተስፋፋ ያለው የአሉሚኒየም ፎርምወርክ ይህን ልማድ አይታገስም። ኦቪድ ኮንስትራክሽን ለፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ገርጂ ላይ ሲገነባ ተጠቅሞበታል። ቁጥር የተሰጣቸው ፓነሎች ይገጣጠሙና ግድግዳውና ሶሌታው አንድ ላይ ይሞላሉ፤ ፓነሎቹ ተፈትተው ወደ ቀጣዩ ፎቅ ያልፋሉ። የመብራት ቱቦው ከሙሌቱ በፊት ቦታውን መያዝ አለበት፣ ከዚያ ወዲያ የሚፈለፈለው አርማታ ነውና። አርክቴክቱ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱና የኤሌክትሪክ ባለሙያው በአንድ የኮምፒውተር ሞዴል ላይ የሚሠሩበት ቢአይኤም የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ቱቦና ቢም የሚጋጩበት ቦታ ገና በስክሪን ላይ ሳለ ይታያል። ፓነሎቹ ውድ በመሆናቸው የሚያዋጡት ያው ዲዛይን ተደጋግሞ ሲገነባ ነው። የተወቀሰው መመሳሰል ለአዲሱ ቴክኖሎጂም ቅድመ ሁኔታ ሆነ ማለት ነው።

የሚያሳስበኝ የብሎኬት ማኅበራቱ ጉዳይ ነው። ግድግዳው በአርማታ ሲተካ ገበያቸው ይጠባል። ማሽኑም፣ ሙያውም፣ ልክ የመጠበቅ ልምዱም በእጃቸው ስላለ የእግረኛ መንገድ ንጣፍና የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ማምረት አይከብዳቸውም። የአዳዲስ ሳይቶች ጨረታ ሲወጣ ይህ ሥራ ለእነሱ ከወዲሁ ሊለይላቸው ይገባል።